ከመተማ አጥር እስከ ታይታኖቹ ግንብ

“አኒሜ እኮ የልጆች ካርቱን ነው” የሚል ጓደኛ የሌለው ማን አለ? እኔ ሦስት አሉኝ፡፡ ሰሞኑን አንዷ “እሺ፣ ከየቱ ልጀምር?” ብላ እጅ ሰጠች፡፡ “አታክ ኦን ታይታን” አልኳት፡፡ ስለ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ግን የጀመርኩላት ከጃፓን ሳይሆን ከመተማ ነው፡፡ ታሪክ ስለምትወድ እንደምትሰማኝ አውቃለሁ፡፡

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ድርቡሾች መተማን ዘሪባ በሚሉት የእሾህ አጥር ከበው ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ፡፡ የአፄ ዮሐንስ ጦር አጥሩን ጥሶ ገባ፡፡ ድሉ እጅ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው ሲሰማ ያ ሁሉ ሠራዊት ተፈታ፡፡ አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ጓድ የዘኪ ቱማል ሰዎች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት፡፡ የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ፡፡

እኛ ያደግንበት ድርቡሽ ከማዶ መጥቶ ጎንደርን የሚያቃጥል ጭራቅ ነው፡፡ ማቃጠሉስ እውነት ነው፡፡ ጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ከተማዋን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አነደዳት፡፡ ብዙ የማይወራው ከዚያ በፊት ያለው ነው፡፡ ከዓመት በፊት መተማ ገብቶ ያቃጠለው የተክለ ሃይማኖት ጦር ነበር፡፡ ትንሽ ወደኋላ ስንሄድ ደግሞ የ1876ቱን የአድዋ ውል እናገኛለን፤ ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበበው የግብጽ ጦር በአገራቸው በኩል እንዲወጣ ሊረዱ ከእንግሊዝ ጋር ተስማሙ፡፡ ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘ፡፡ ውለታ መላሽ ማለት እንዲህ ነው!

ነገሩ የገባቸው ይመስላል፣ ዮሐንስ ከመተማው ጦርነት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለአቡ አንጃ ጻፉ፤ የጋራ ጠላታችን አውሮፓዊው ነውና እርስ በርስ አንጨራረስ የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው፡፡ መልሱ ስድብ ሆነ፡፡ ዮሐንስ በሞቱ በአምስተኛው ወር ጣሊያን አስመራ ገባ፡፡ ነሐሴ 1890 ዓ.ም. ደግሞ ከረሪ ላይ የኪችነር መትረየስ በአንድ ቀን ከ10 ሺህ በላይ ማህዲስቶችን ፈጀ፡፡

“እና ይሄ ከካርቱኑ ጋር ምን አገናኘው?” አለችኝ ጓደኛዬ፡፡

ይኸውላችሁ፡፡ ሃጂሜ ኢሳያማ ማንጋውን እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2021 ሣለው፤ አኒሜው ከ2013 እስከ 2023 ታየ፡፡ የተረፈው የሰው ዘር በሦስት ዙር ግንብ ውስጥ ይኖራል፤ ቁመቱ 50 ሜትር፡፡ ከውጭ ሰው የሚበሉ ታይታኖች አሉ፡፡ ከመቶ ዓመት ሰላም በኋላ አንድ ቀን 60 ሜትር የሚሆን ታይታን ከግንቡ በላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ በሩን በእርግጫ ይበረግደዋል፡፡ ትንሹ ኤረን እናቱ ስትበላ ያያል፣ አንድም ሳላስቀር እገድላቸዋለሁ ብሎ ይምላል፡፡

እዚህ ድረስ የጭራቅ ተረት ነው፤ ብዙ ሰው ደም በዛ ብሎ የሚያቆመውም እዚህ ነው (በዝቷል፣ አልዋሽም፤ ከታናናሾቻችሁ ጋር አትዩት)፡፡ የታገሠ ግን ጥያቄው ሲቀየር ያያል፡፡ “እንዴት እንግደላቸው?” የነበረው ቀስ በቀስ “ከግንቡ ማዶ ያለው ማነው? እሱስ ስለኛ ምን ሲባል አደገ?” ይሆናል፡፡ ከዚህ በላይ ብናገር አበላሽባችኋለሁ፡፡

ልዩነቱን አልክድም፤ መተማ ግንብ የላትም፡፡ ወዲህ መተማ ዮሐንስ፣ ወዲያ ገላባት፣ መሐሉን ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፡፡ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ነፍሱን ሊያተርፍ የሸሸው ብዙ ሰው የገባው በዚሁ በር ነበር፡፡

የመጀመሪያው ሲዝን 25 ክፍል ነው፤ እሱን ሳትጨርሱ አትፍረዱ፡፡ የኤረን አባት ምድር ቤቱ ውስጥ ምን እንደቆለፈ ደግሞ እንዳትጠይቁኝ፡፡ ጓደኛዬ ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውላ ጠይቃኛለች፤ ስልኩን ዘጋሁባት፡፡