ተራው ግስ ለምን ዘግይቶ ታየ?

እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታው የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1604 ለንደን ላይ ሲታተም የያዘው 2,500 ያህል ቃል ብቻ ነበር። አዘጋጁ ሮበርት ኮድሪ የመረጠው ከላቲን፣ ከግሪክ፣ ከዕብራይስጥና ከፈረንሳይኛ የገቡትን፣ በስብከትና በመጻሕፍት ሲያጋጥሙ ብዙ ያልተማረውን አንባቢ የሚያደናግሩትን ከባድ ቃላት ነው። ሰው ሁሉ በየደቂቃው የሚናገራቸው ተራ ግሶች ቦታ አላገኙም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ገንዘብ አውጥቶ ይገዛል? ይህ አስተሳሰብ አንድ መቶ ዓመት ያህል ሙያውን ይዞት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ግን ከሁሉ ረጅሙን ሐተታ የሰጠው «ሰት» ለሚባለው ተራ ግስ ነው፤ 430 ያህል ፍቺ፣ 60,000 ያህል ቃል። በእነዚህ ሁለት መጻሕፍት መካከል ቋንቋው ተለውጧል፤ ከእሱ ይበልጥ የተለወጠው ግን የመዝገበ ቃላት ሠሪዎች አሠራር ነው። ተራው ግስ የታያቸው ሊቃውንቱ ስለተራቀቁ ሳይሆን፣ ማስረጃቸውን ከራሳቸው ዕውቀት ይልቅ ከተሰበሰበ የወረቀት ቁራጭ መፈለግ ስለጀመሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተራ ቃላት ወደ መዝገበ ቃላት የገቡት በ18ኛው መቶ ዘመን መባቻ ቢሆንም አገባባቸው ለወጉ ያህል ነበር። ቤንጃሚን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1749 ፍቺዎችን በቁጥር እየለየ አስቀመጠ። መንገዱን የቀየረው ግን ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1746 ከለንደን መጻሕፍት ነጋዴዎች ጋር ተዋውሎ፣ ጎፍ ስኩዌር በተባለው ስፍራ በነበረው ቤቱ ስድስት ጸሐፊዎች አሰማርቶ ሥራውን ጀመረ። እሱ እያነበበ በሚፈልገው ቃል ላይ ያሰምራል፤ ጸሐፊዎቹ ዐረፍተ ነገሩን ይገለብጣሉ። በ1755 የወጣው መጽሐፍ 114,000 ያህል ጥቅስ ይዟል፤ «ወሰደ» ለማለት ለሚያገለግለው «ቴክ» ብቻ ከ130 በላይ ፍቺ ተቆጥሮለታል። ልብ ሊባል የሚገባው የሰውየው ሐሳብ መለወጥ ነው። በ1747 ባወጣው ዕቅድ ቋንቋውን ከመለዋወጥ አግዶ ለማጽናት ተስፋ አድርጎ ነበር። በመቅድሙ ግን ያን ተስፋ ትቶት፣ እንደ «ሰት»፣ «ራን»፣ «ጌት» እና «ፑት» ያሉት ግሶች ትርጉማቸው እጅግ ልቅ ስለሆነ ዱካቸውን ተከትሎ መጨረስ እንደሚያዳግት ጻፈ። ዕቅዱን የጻፈው ሥራው ገና ሲጀመር ነው፤ መቅድሙን የጻፈው ጥቅሶቹን ሰብስቦ ካበቃ በኋላ ነው። ሐሳቡን ያስለወጠው በመካከል ያነበበው ማስረጃ ነው።

የጆንሰን ጥቅሶች በአንድ ሰው ምርጫና እሱ በወደዳቸው ደራስያን የተወሰኑ ነበሩ። ይህን ወሰን ለመስበር የለንደኑ የሥነ ልሳን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1857 ሥራውን ለፈቃደኛ አንባቢዎች አከፋፈለ። እያንዳንዱ አንባቢ ቃሉን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ መጽሐፉንና ዐረፍተ ነገሩን በወረቀት ቁራጭ ጽፎ ይልካል። ጄምስ መሬይ እ.ኤ.አ. በ1879 በኋላ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የተባለውን የዚህን ሥራ አዘጋጅነት ሲረከብ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ወረቀት ወረሰ። ያን ክምር ሲያገላብጥ ያገኘው ነገር ለዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ዋናው ምስክር ነው፤ ማንም ለማይጠቀምበት ለጥንታዊው «አቢውዥን» ሃምሳ ያህል ጥቅስ ተልኮ ሳለ፣ በየቀኑ ለሚነገረው «አቢውዝ» አምስት እንኳ አልሞላም። አንባቢ እንግዳ ቃል ሲያይ ይነቃል፤ የለመደውን ዓይኑ እያየ ያልፈዋል። ኮድሪን የገዛው ያው አስተሳሰብ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በጎ ፈቃድና ትምህርት ባላቸው ሰዎች እጅ ራሱን ደገመ ማለት ነው። መሬይ በዚያው ዓመት ባወጣው ጥሪ ብርቅ ቃላትን ብቻ ሳይሆን፣ ትርጉማቸው ከአገባባቸው በግልጽ የሚወጣ ሲሆን ተራዎቹንም ጻፉልን ሲል ጠየቀ። የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ ለሳንቲም ያህል ክፍያ ወረቀቱን በፊደል ተራ ይለዩ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ወጣ። መሬይ በ1915 አረፈ፤ ሥራው የተፈጸመው በ1928 ነው፤ 414,825 ቃላትና ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ጥቅሶች ይዞ።

ወረቀቶቹ ስለ «ሰት» የመሰከሩት ምንድን ነው? መነሻው «ሲት»፣ ማለትም «ተቀመጠ» ነው፤ «ሰት» ከእሱ የወጣ «አስቀመጠ» ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየሙያው እየገባ የየሙያውን ጠባይ ወሰደ። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን፣ አንጥረኛ በቀለበት ላይ ፈርጥ ሲያደርግ፣ አዳኝ ወጥመድ ሲያጠምድ፣ መርከበኛ ሸራ ሲዘረጋ፣ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅም፣ ነጋዴ ዋጋ ሲቆርጥ፣ ሰዓት ሲስተካከል፣ ሲሚንቶ ሲጠነክር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እንግሊዝኛው የሚጠራው ይህንኑ አንድ ግስ ነው። አማርኛ ለእያንዳንዱ ራሱን የቻለ ግስ ስላለው፣ እንግሊዝኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ የዚህን ቃል ክብደት ከአገሬው ሰው ቀድሞ ያየዋል። አገሬው ግን በወረቀት ተደርድሮ እስኪቀርብለት ድረስ አንድ ቃል እንጂ የብዙ ሙያ ክምችት አልመሰለውም።

ይህን ሁሉ የሚቃወም አለ። የፍቺ ብዛት የአዘጋጁ ቢላዋ ሥራ ነው፤ «ሰት» አንድ ትርጉም ብቻ አለው፣ «በቦታው አደረገ»፤ የቀረው ከዐረፍተ ነገሩ የሚመጣ ነው ይላል። ቁጥሩ በአከፋፈል እንደሚለያይ እቀበላለሁ፤ አንዱ አዘጋጅ አራት ያደረገውን ሌላው ሁለት ሊያደርገው ይችላል። ነገር ግን ሁሉ ከአንድ መነሻ በራሱ የሚፈልቅ ቢሆን ኖሮ፣ «አኖረ» የሚል ተመሳሳይ መነሻ ያለው «ፑት» ለአጥንቱም ለፀሐይዋም በተነገረ ነበር። አይነገርም። አገባቡን የወሰነው የተናጋሪዎች ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ መቼ እንደተጀመረ የሚታወቀው ዓመት በተጻፈበት ጥቅስ ነው። ሌላው ተቃውሞ፣ ብዛቱን ያመጡት «አፕ» እና «አውት» የመሰሉ ተከታይ ቃላት እንጂ ግሱ አይደለም የሚለው ነው። ጆንሰን ራሱ የውጭ አገር ሰው ከሁሉ በላይ የሚቸገረው በእነዚህ ጥምረቶች መሆኑን ጽፏል። ይሁንና ከላይ ከዘረዘርኳቸው መካከል አንዱም ተከታይ ቃል አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት «ራን» በ645 ፍቺ «ሰት»ን እንደበለጠ ተነገረ። ምንጭ ይፈስሳል፣ ባቡር ይመላለሳል፣ ሞተር ይሠራል፣ ባለቤቱ ሱቁን ያስተዳድራል፣ ፖለቲከኛ ለምርጫ ይወዳደራል፤ ይህ ሁሉ «ራን» ነው። ስለ ብልጫው ብዙ ተወርቷል፤ እኔ ግን ውድድሩ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የ«ሰት» ሐተታ ዋና አካሉ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በመሬይ ባልደረባ አዘጋጅ በሄንሪ ብራድሊ የተሠራ ሲሆን፣ የ«ራን» ሐተታ ግን የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ዘጠኝ ወር ያህል ደክሞበት እንደ አዲስ የተጻፈ ነው። ሁለቱን በሚዛን ማስቀመጥ የሚቻለው ብራድሊ ከሠራ በኋላ የተከማቸው ማስረጃ ለ«ሰት»ም እንዲሁ ተከፍቶ ሲነበብ ነው።