የስትራዝናቨር ሸለቆ

በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሰዘርላንድ ግዛት፣ የናቨር ወንዝ ከናቨር ሐይቅ ተነሥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ከተጓዘ በኋላ በቤቲሂል መንደር አጠገብ ከባሕር ይገባል። ስትራዝናቨር የተባለው የዚህ ወንዝ ሸለቆ ግራና ቀኙ ውሃ ያዘለ ረግረጋማ ኮረብታ ሲሆን፣ በመካከሉ ደለል ያለበሰው ለምለም መስክ ይዘረጋል። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ከበግና ከጥቂት ቤቶች በቀር ብዙ ስለማያይ፣ ምድሩ ከጥንት ጀምሮ ጠፍ የነበረ ይመስለዋል። ይህ ግምት ግን ስሕተት ነው።

እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ድረስ ሸለቆው የጌሊክ ቋንቋ ተናጋሪ ጭሰኞች መኖሪያ ነበር። እነዚህ ሰዎች በወንዙ ዳር አጃና ገብስ፣ ኋላም ድንች ያመርቱ፣ በሞቃቱ ወራት ከብቶቻቸውን ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ያወጡ ነበር። በአካባቢው ዛፍ እምብዛም ስለማይገኝ የጣሪያ እንጨት ትልቅ ሀብት ነበር፤ ቤተሰብ ሰፈር ሲለውጥም ወራጁንና ማገሩን ይዞ ይሄዳል። ይህን ያላስተዋለ አንባቢ ቀጥሎ የደረሰውን በደል በሙሉ ክብደቱ ሊረዳው አይችልም።

ባለርስቷ የሰዘርላንድ ካውንተስ ኤልሳቤጥና ባለቤታቸው የስታፎርድ ማርኪስ፣ ከጭሰኞቹ ኪራይ ይልቅ ቼቪዮት የተባለውን በግ የሚያረባ ተከራይ የሚከፍለው እንደሚበልጥ ተገነዘቡ። በጉ የበረዶውን ወራት የሚያሳልፍበት ዝቅተኛ መስክ ያሻዋልና፣ አስቀድሞ የተፈለገው ያው ጭሰኛው የሚያርሰው መሬት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1814 የርስቱ ምስለኔ ፓትሪክ ሴላር (የበግ መሬቱን የተከራየውም ራሱ ነበር) ጭሰኞቹን አስለቀቀ፤ ተመልሰው እንዳይሰፍሩም የጣሪያ እንጨታቸው ተቃጠለ። ሴላር ሰው በመግደልና ቤት በማቃጠል ተከሶ በ1816 ኢንቨርነስ ላይ ችሎት ቢቀርብም በነፃ ተለቀቀ። ከዚህም የባሰው ማፈናቀል የተፈጸመው ከፍርዱ 3 ዓመት በኋላ፣ በ1819 ነው።

የርስቱ ዋና አስተዳዳሪ ጄምስ ሎክ በ1820 ባሳተሙት መጽሐፍ ድርጊቱን የልማት ሥራ ብለውታል። ከተፈናቃዮቹ ወገን የሆነው ግንበኛ ዶናልድ ማክላውድ ደግሞ በ1840ዎቹ ለጋዜጣ በላካቸው ደብዳቤዎች ያየውን ቃጠሎ ገለጸ። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያላነበበ ተማሪ ግማሽ ታሪክ ይዞ ይቀራል። ከብት አርቢው ሕዝብ ዓለታማ በሆነው የባሕር ዳርቻ ቁራሽ መሬት ተሰጥቶት ዓሣ አጥማጅ እንዲሆን ተጠበቀ፤ ባሕር ተሻግሮ የተሰደደም ነበር። ከመስፈሪያዎቹ አንዷ የሆነችው ቤቲሂል ስሟን ያገኘችው ከራሳቸው ከካውንተስ ኤልሳቤጥ መሆኑ ይነገራል።

የመሬት ገጽታ ተመራማሪው ሆራስ ፌርኸርስት በ1962 ሮዛል በተባለችው የጠፋች መንደር ባደረጉት ጥናት የቤቶችን መሠረት፣ የእህል ማድረቂያ ምድጃዎችንና የእርሻ ትልሞችን መዝግበዋል። የሮዛል የቀድሞ ማሳ እስከ ዛሬ በዙሪያው ካለው ረግረግ በአረንጓዴነቱ ይለያል።