ሳይቃጠል በቅጠል

ማብሪያ ማጥፊያ ስንመርጥ ዐይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በመልኳና በመጠኗ ላይ ነው። በትርፍ ጊዜው ሬዲዮ ወይም የመብራት መቆጣጠሪያ የሚገጣጥም ሰው ከሱቅ ቆሞ «ከሣጥኔ ቀዳዳ ትገባለች ወይ? ለጣት ትመቻለች ወይ?» ይላል። በጎኗ በደቃቅ ፊደል የታተሙትን ቁጥሮች ግን ስንቱ ያነባል? የእነዚያን ቁጥሮች ክብደት ለመረዳት ከምድር 320 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተፈጸመ አንድ ታሪክ ማስታወስ ይበጃል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ከብልጭታ ይጀምራል። ሁለት ብረቶች ጅረት ተሸክመው ሲለያዩ አየሩ ራሱ ለአፍታ ድልድይ ይሆናል፤ በድልድዩም ላይ እሳት ይሻገራል። ብልጭታው ከቆየ ብረቱን ያቀልጣል፤ የቀለጠውም ብረት ዳግም ሲነካካ ይበየዳል። ጆን ሄንሪ ሆልምስ የተባለ የኒውካስል መሐንዲስ በ1884 ብረቶቹ በጣት ዝግታ ሳይሆን በቅጽበት እንዲላቀቁ የሚያደርግ ማብሪያ የፈጠረው ይህንኑ እሳት ለማሳጠር ነበር። ዛሬ በብዙ ማብሪያዎች የምንሰማት «ቀጭ» የዚያ ሐሳብ ዝርያ ናት።

በቤታችን ግድግዳ የሚፈሰው ተለዋዋጭ ጅረት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ብልጭታው ትንፋሽ አጥቶ ይጠፋል። ከባትሪ የሚወጣው ቀጥተኛ ጅረት ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። 250 ቮልት ተለዋዋጭ የምትችል ትንሽ ማብሪያ ለቀጥተኛው ጅረት ብዙ ጊዜ 30 ቮልት ብቻ የሚጻፍላት ስለዚህ ነው።

በአፖሎ 13 መንኮራኩር ሁለተኛ የኦክስጅን ታንክ ውስጥ ማሞቂያ ነበረ። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚያጠፉ ሁለት ጥቃቅን ማብሪያዎችም ተገጥመውለት ነበር፤ የተመረጡት ለ28 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። በ1965 ማሞቂያው ምድር ላይ ሳለ በ65 ቮልት እንዲሠራ መመሪያው ተለወጠ። ታንኩን የሠራው ቢች ኩባንያ ማብሪያዎቹን አልለወጠም፤ ከበላዩ ያሉትም፣ ናሳን ጨምሮ፣ አላስተዋሉም። ስሕተቱ ለዓመታት ተሰውሮ የኖረው የታንኩ ብርድ ማብሪያዎቹን እንደ በሩ ስላቆያቸው ነበር፤ በ65 ቮልት ላይ «አጥፉ» የተባሉበት ቀን አልነበረም።

ያ ቀን በማርች 1970 መጨረሻ መጣ። ከሙከራ በኋላ ታንኩ በተለመደው መንገድ አልራገፍ ቢል፣ ኦክስጅኑን አትንኖ ለማስወጣት ማሞቂያው ለ8 ሰዓት በራ። ማብሪያዎቹ ሊያጠፉ ሲሞክሩ ብልጭታው በየዳቸው። የሙቀት መለኪያው ከ29 ዲግሪ ገደማ በላይ አያሳይም ነበርና በአጠገቡ የቆሙት ሰዎች ምንም አላዩም። በማሞቂያው አካባቢ ግን ሙቀቱ ወደ 540 ዲግሪ ሳይደርስ እንዳልቀረ መርማሪዎች ኋላ ገመቱ። የሽቦዎቹ የቴፍሎን ልባስ በዚያው ተጎዳ።

ኤፕሪል 13 ማታ ጃክ ስዋይገርት የታንኩን ማራገቢያ ሲያበራ የተራቆቱት ሽቦዎች ብልጭ አሉ፤ ታንኩም ፈነዳ። እርሱና ጓደኞቹ ጂም ላቨልና ፍሬድ ሄይስ ጨረቃ ላይ ሊያርፉባት በነበረችው ትንሽ መንኮራኩር ተጠልለው፣ ውሃና ኃይል ቆጥበው፣ ብርዱን ታግሠው ኤፕሪል 17 ወደ ምድር ተመለሱ።

ዓለም የሚያስታውሰው ጽናታቸውን ነው፤ ይገባቸዋልም። እኔን ግን የሚያሳስቡኝ እነዚያ ሁለት ማብሪያዎች ናቸው። ክፉ ዕቃ አልነበሩም፤ ለተመረጡበት ለ28 ቮልት የታመኑ ነበሩ። በዙሪያቸው ያለው ነገር ሲለወጥ ተመልሶ «አሁንስ ትችላላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው ግን አልተገኘም። በጠረጴዛችንም ላይ እንዲሁ ነው፤ ባትሪውን ከ12 ቮልት ወደ 48 የሚያሳድግ፣ በአምፖል ፈንታ ሲነሣ ብዙ ጅረት የሚስብ ሞተር የሚያስገባ ሰው፣ ማብሪያዋ አሮጌዋ ብትሆንም ጥያቄው አዲስ ነው።

ከአፖሎ 14 በፊት ማራገቢያዎቹና ማብሪያዎቹ ከታንኩ ወጡ፤ ሽቦዎቹም የማይዝግ ብረት ለበሱ። የአገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል፤ ለዚያች ታንክ ቅጠሉ በአንዲት ወረቀት ላይ የሰፈረ 65 የሚል ቁጥር ነበር።