ስለ አሮጌ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ መስማማት

በሐረር ከተማ፥ በጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ፥ አንድ ትምህርት ቤት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ቢሰጡት ሁለት ጥያቄዎች ያጋጥሙታል። ይኸውም ከአንዱ የወጣው ፕሮሰሰር በሌላው ማዘርቦርድ ላይ ይሠራልን? ቢሠራስ ሊኑክስን ይቀበላልን? የሚሉት ናቸው። መልሱ በዕቃዎቹ ታሪክ ውስጥ ስለሚገኝ ባጭሩ እንመለከተዋለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዩኒክስ በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ሲጀመር፥ ይሠራባቸው የነበሩት መኪናዎች ተራ ሰው የሚገዛቸው አልነበሩም። ኢንቴል በ1985 ያወጣው 80386 ግን የአንዱን ፕሮግራም ማስታወሻ ከሌላው ለይቶ ለመጠበቅ የሚያስችል ስለነበረ ለዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ተስማማ። የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስም በ1991 ሊኑክስን የጀመረው በዚሁ ፕሮሰሰር ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ችግር የመግጠም ነው። በ1997 የወጣው ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ እንደ ቀድሞው ፔንቲየም በሶኬት 7 ይገባል፤ ነገር ግን የቀድሞው 3.3 ቮልት ያህል ሲወስድ፥ አዲሱ ለውስጡ 2.8 ቮልት ይፈልጋል። ማዘርቦርዱ ሁለቱን ለይቶ የማይሰጥ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሊጎዳ ይችላል። እንዲሁም በ2004 ለፔንቲየም 4 የተሠራ ባለ 775 ሶኬት ቦርድ፥ በ2006 የመጣው ኮር 2 ዱዎ ቢገባበትም፥ ቺፕሴቱ ወይም ባዮሱ ካላወቀው አይነሣም። ስለዚህ ቀዳዳው ስለ ገጠመ ብቻ ተስማማ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሥርዓቱ በኩል ይመጣል። ሊኑክስ በ2013 በወጣው 3.8 እትሙ 386ን ተወ፤ ደቢያንም በ2017 በዘጠነኛ እትሙ የቀድሞዎቹን ፔንቲየሞች፥ ኤምኤምኤክሱን ጨምሮ፥ አስቀረ። በ2025 ደግሞ በዐሥራ ሦስተኛው እትም ለ32 ቢት መኪና የሚሆን መጫኛ ማውጣት አቆመ።

«አሮጌውን እትም መጫን አይሻልምን?» የሚል ቢኖር፥ ጊዜው ያለፈበት እትም የደኅንነት ማረሚያ አያገኝም እንላለን። ከዚህም በላይ ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 ስለሆነ፥ ከዚያ በፊት የወጣ ሥርዓት የዛሬውን የአማርኛ ጽሑፍ በትክክል አያሳይም።

ስለዚህ በሶኬት 7 ላይ ብዙ መድከም ለትምህርት ቤቱ አይጠቅምም። ባለ 775 ቦርድ ላይ የተቀመጠ ባለ 32 ቢት ፔንቲየም 4 ግን፥ ቦርዱ የሚቀበል ከሆነ፥ በኮር 2 ዱዎ ቢተካ ባለ 64 ቢት መኪና ይሆናል፤ የዛሬውንም ሊኑክስ ይቀበላል። እንግዲህ ከመፍታት በፊት የቦርዱን ስም፥ የባዮሱን እትምና የሚሰጠውን ቮልት በመዝገብ መጻፍ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ተማሪ ሊማርበት የሚችል መኪና እንደ ጉድፍ ይጣላል።