የገንዲ ዝንብና ወጥመዷ

ያደግሁት ቆሰበር ነው። ደጋው ብርዳም ስለሆነ ቆላ ዝንብ አይኖርበትም። ወደ ጃዊና ጓንጓ ቆላ ሲወረድ ግን በሬን አክስቶ የሚገድለው ገንዲ የሚባል በሽታ አለ፤ የምታስተላልፈው ያቺ ዝንብ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎቹ ሻሊየርና ላቬሲየር ባለ ሁለት ሾጣጣውን የጨርቅ ወጥመድ በምዕራብ አፍሪካ አስተዋወቁ፤ በጥቅሉ ሰማያዊ ጨርቅ ዝንቧን ከሩቅ ይጠራታል፣ ጥቁር ያሳርፋታል። በ1980ዎቹ የበሬ ትንፋሽ ተመርምሮ ኦክተኖል የተባለ ማባበያ ተለየ። ኬንያ ውስጥ ንጉሩማን ላይ ደግሞ አሴቶንና የላም ሽንት ማባበያ ሆነው ሠሩ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ወጥመዶቹ የሚወዳደሩበት መንገድ ነው። ወንዝ ዳር ካለው ጫካ የተተከለ ወጥመድ ገላጣ ላይ ካለው አብልጦ ቢይዝ፣ የበለጠው ወጥመዱ ነው ወይስ ቦታው? ስለዚህ ወጥመዶቹ በየቀኑ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አራት ከሆኑ በአራት ቀን እያንዳንዱ አራቱንም ቦታ ያዳርሳል። ላቲን ስኩዌር ይሉታል። ሽታቸው እንዳይቀላቀልም አራርቆ መትከል ግድ ነው። ደግሞም የወንዝ ዳር ዝርያዎች እንደ ሳቫናዎቹ ለሽታ አይሳቡም፤ ስለዚህ የሌላ አገር ውጤት ለእኛ ቆላ አይበቃም።

ጃዊ ወርዳችሁ ወጥመድ የምትተክሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ አደራችሁን፣ ቦታ ሳታለዋውጡ የትኛው እንደሚሻል አትፍረዱ።