ሰሙና ወርቁ ከማን እጅ መጡ?

በየጉባኤያችን ሰባኪው «ይህ ነገር ሰምና ወርቅ አለው» ሲል ሁላችን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ቅኔ መሆኑን እናውቃለን። አባባሉ ግን ወደ ቅኔ ቤት የገባው ከአንጥረኛ ቤት ነው።

አሠራሩን ላላያችሁ እንንገራችሁ። አንጥረኛው ጉትቻም ይሁን መስቀል አስቀድሞ በንብ ሰም ይሠራዋል። ጌጡንና ቀዳዳውን ሁሉ እዚያው ይጨርሳል፤ በሰሙ ላይ የቀረ ጉድለት በወርቁም ላይ ይወጣልና። ከዚያ በላመ ጭቃ ይለስነዋል፤ ትንሽ ቀዳዳም ይተዋል። ጭቃው ደርቆ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። በወናፍ እሳት የቀለጠው ወርቅ፣ ብር ወይም ናስ በባዶው ስፍራ ይፈስሳል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል። ስለዚህ ከአንድ ጭቃ የሚወጣው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። በመካከለኛው ዘመን ከተሠሩት የአገራችን የናስ መስቀሎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። በ1907 እ.ኤ.አ. ዊልያም ታጋርት የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ዘዴውን ለወርቅ የጥርስ ሙሌት አዋለው። ዛሬ በጄት ሞተር ውስጥ የሚሽከረከሩት ምላጮች እንኳ በሰም ተቀርጸው ነው የሚወጡት፤ የጭቃውን ቦታ ሴራሚክ ተክቶታል።

ሰሙስ ከየት ይመጣል? ጌራን፣ ጎማንና ሊሙን ዛሬ በቡናቸው እናውቃቸዋለን። ደኑ ግን የንብም ነው። ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ማሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ ቀልጦ ተጣርቶ ሰም ይሆናል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ቡናው፣ ሰሙ፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ በሂርማታ ገበያ ይገናኙ ነበር። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ዘለን የጅማን ታሪክ መንገር አንችልም።

በጅማ ብረት ሠሪዎቹ ቱምቱ ይባላሉ። ያለ እነርሱ ማረሻም ጦርም አይኖርም ነበር፤ ሆኖም ሌላው ሰው ከእነርሱ ጋር አይጋባም። በሰሜኑም ያው ነው፤ ባለእጁ «ቡዳ» እየተባለ ተፈራ፣ ተገለለ። በእጁ ሥራ የሚያርሱና የሚያጌጡ ሰዎች እርሱን ከገበታቸው አላስቀመጡትም።

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ዘጸአት 31 ላይ ግለጡ። በስሙ ተጠርቶ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ የተጻፈለት የመጀመሪያው ሰው ባስልኤል ነው። ነቢይ አልነበረም፣ ካህንም አልነበረም፤ ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ ባለእጅ ነበር። በ1ኛ ነገሥት 7 ደግሞ ኪራም የቤተ መቅደሱን የናስ ዕቃ በዮርዳኖስ ሜዳ፣ በሱኮትና በጻርታን መካከል፣ በሸክላ አፈር ውስጥ አፈሰሰ። ጸሐፊው ቦታውን ሳይቀር መመዝገቡ ያስደንቀናል። የጭቃና የጭስ ሥራ ነው፤ እርሱ ግን አላፈረበትም።

ባለእጅነት ነውር ነው የሚል ትምህርት ከመድረኮቻችን አይሰማም። የሚሰማው ከመድረክ በታች ነው። ወንድምና እኅት በጌታ ተዋውቀው፣ ጸልየው፣ ሽማግሌ ሲላክ፣ በአንዳንድ አማኝ ቤተሰብ ዘንድ ዛሬም ቀድሞ የሚጠየቀው «ዘራቸው ምንድን ነው? ባለእጅ የለበትም?» የሚለው ነው። ይህ ሲጠየቅ የቃል ኪዳኑ ቀለበት ወርቅ ቤት ታዞ ይሆናል፤ እዚያ አንድ ባለእጅ ሰሙን እያዘጋጀ ነው።