ስቲቭ ብላ የፈረመችው ሴት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ እንዲመረምሩ ከተመረጡ ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። የምንፈልገው የኮምፒውተር ፕሮግራመር ነበር። ከወረቀቶቹ መካከል የአንዲት ሴት ማመልከቻ አገኘሁ፤ መልካም ትምህርት፣ መልካም የሥራ ልምድ፣ ከዚያም የስድስት ዓመት ባዶ ቦታ። ከሥሩ “ልጆቼን ሳሳድግ ነበር” የሚል አንድ መስመር ተጽፏል። ወረቀቱን ወደ ጎን ያኖርሁት እኔ ነኝ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ቆይቼ፣ የስቴፋኒ ሸርሊን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1939 የአይሁድ ሕፃናትን ከናዚ ለማሸሽ ከቪየና ከተነሡት ባቡሮች በአንዱ ውስጥ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከዘጠኝ ዓመት እኅቷ ጋር ተሳፍራ ነበር። አባቷ በጀርመን ዳኛ ነበረ፤ ናዚዎች ከወንበሩ አነሡት። በዚያ መንገድ ወደ ብሪታንያ የተሻገሩት ሕፃናት 10,000 ያህል ናቸው። ልጅቱ የማታውቃቸው ሰዎች ቤት አደገች። ከሞት የተረፈ ሕይወቷ ሊተርፍ የሚገባው እንደ ነበረ በሥራ ለማሳየት እንደ ቆረጠች በኋላ ዘመኗ ደጋግማ ተናግራለች።

ካደገች በኋላ በለንደን፣ ዶሊስ ሂል በተባለው ሰፈር በሚገኘው የፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጠረች፤ ማታ ማታም ሒሳብ ተማረች። በ1962 በ6 ፓውንድ መነሻ፣ በመመገቢያ ጠረጴዛዋ ላይ “ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ” የተባለ ኩባንያ መሠረተች። ሰው ሣቀባት። በዚያ ዘመን ሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር በነጻ የሚሰጥ ነገር ነበርና ማን ገንዘብ ከፍሎ ይገዛዋል? ያውም ከሴት! ለኩባንያዎች የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ያለ መልስ ቀሩ። በባሏ ምክር “ስቴፋኒ” ማለቱን ትታ “ስቲቭ” ብላ መፈረም ስትጀምር ግን መልስ ይመጣላት ጀመር። እጇን ሊጨብጡ የተነሡት ሰዎች ወንድ ሲጠብቁ ሴት ገጠመቻቸው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የቀጠረቻቸው ሰዎች ነገር ነው። ሲያገቡ ወይም ሲወልዱ ከሥራ የወጡ፣ ሌላው ቀጣሪ ሁሉ የረሳቸውን ሴቶች ፈለገች። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ 297ቱ ሴቶች ነበሩ። የሚሠሩት ከቤታቸው ነው። ያን ጊዜ ፕሮግራም በእርሳስ በወረቀት ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወረቀቱ በፖስታ ይላካል፣ በሌላ ቦታ በካርድ ወይም በወረቀት ጥቅልል ላይ ይበሳል፣ ስሕተት እንዳይኖርበት ዳግመኛ ይፈተሻል፤ ኮምፒውተሩ ዘንድ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የሕፃን አልጋ አጠገብ ተቀምጦ መሥራት ይቻላል። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ችሎታና መተማመን ነበር። ስልክ ሲደወል የልጆች ጩኸት እንዳይሰማ ሸርሊ የጽሕፈት መኪና ድምፅ በቴፕ ቀድታ ከበስተጀርባ ታሰማ ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በየቤታቸው የተበተኑት እናቶች ከድምፅ ፈጥኖ ይበር ለነበረው ለኮንኮርድ አውሮፕላን የጥቁሩን ሳጥን ፕሮግራም ጻፉ። ተሳፋሪው ይህን አያውቅም ነበር።

በ1975 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በጾታ መለየትን ሲከለክል፣ ለሴቶች ብቻ የቆመው የቅጥር ደንቧም ሕገ ወጥ ሆነ፤ ወንዶችንም መቅጠር ግድ ሆነባት። ከዚያም ከራሷ ድርሻ እየቀነሰች የኩባንያውን አንድ አራተኛ ያለ ዋጋ ለሠራተኞቹ አስተላለፈች። አክሲዮኑ በ1996 ለሕዝብ ገበያ ሲቀርብ ከሠራተኞቿ 70 ያህሉ ሚሊዮነር ሆኑ። አንድያ ልጇ ጃይልስ ጽኑ ኦቲዝም ነበረበት፤ በ1998 በ35 ዓመቱ ዐረፈ። እርሷም ከሀብቷ አብዛኛውን ለኦቲዝም ምርምርና ለመሰል በጎ ሥራ ሰጥታ፣ በ2025 በ91 ዓመቷ ዐረፈች።

አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ኩባንያ የሚያቋቁሙ ወጣቶች በመጀመሪያ ምን ያስፈልገናል እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ገንዘብ ይላሉ፣ ቢሮ ይላሉ፣ ስም ካለው ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ይላሉ። ሸርሊ ከእነዚህ አንዱም አልነበራትም። ሌላው የጣለውን ወረቀት አንሥታ ታነብ ነበር፤ ያነሣቻቸውን ሰዎች ደግሞ አመነቻቸው፣ ትርፉንም አካፈለቻቸው።

የዚያች አመልካች ስም ጠፍቶብኛል። የስድስቱ ዓመታት ባዶ ቦታ ግን እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም። አሁን የሰው ማመልከቻ በእጄ ሲገባ አስቀድሜ የማነበው እንዲህ ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

ቸር ይግጠመን።